አልጋህ ስር ያለው ብረት

ይድረስ ለልጄ፤ ባለህበት ጤናና ሰላም ይብዛልህ። ጉልበቴን አትጠይቀኝ እንጂ እኔስ ደህና ነኝ።

የጎረቤት ትራክተር የአሉሚኒየም የመስኖ ቱቦዎቻችን ላይ ወጥቶ ጨፈለቃቸው። ውሃ አላሳልፍ ብለው የታችኛው ሽንኩርት ደርቆ ቀረ። አዲስ መግዛት አይታሰብም። አባትህ ያንተን ክብደት ማንሻ፣ ሁለት ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን ብረት፣ ከመሃል ቆረጠው። አንዱን ድቡልቡል በሞረድ አሳንሶ፣ ቀለበት በይዶበት፣ በሰንሰለት በቱቦው ውስጥ ይጎትተዋል። ብረቱ ሲያልፍ የተሰረጎደው ይነሳል። አንተ ብትኖር ትይዘው የነበረውን ጫፍ የምይዘው እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር ሰንሰለቱ ተበጥሶ ግራ ዓይኑን መታው። ዓይኑ ጠፍቷል። «እንዳትጽፊለት» ብሎኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ለትልልቆቹ ቱቦዎች ሁለተኛውን ድቡልቡል ፈልጊልኝ ይለኛል። አልጋህ ስር ደብቄ «አላየሁም» እላለሁ። አንድ ዓይን ከቀረው ሰው መደበቅ አይከብድም። ሽንኩርት እየደረቀ ብረት መደበቅ እብደት መሆኑን አጥቼው አይደለም። ግን ከባዶ አልጋህ ሌላ ከክፍልህ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ «ለከርሞ እመጣለሁ» አልከን። አልቆጣህም። የማትመጣ ከሆነ ግን ቁርጡን ንገረኝና ብረቱን ልስጠው።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፣ ወደየትም ቢሆን።

እናትህ