ስለ ሙሉመቤት ዓይን የተናገርኩት

ይድረስ ለእህቴ ለጽጌ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ቻለ? የእማዬ የደም ግፊትስ? በዓሉ እንዴት አለፈ? እኔና ሐኒ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኞች ነን። ያላማረው የሠራሁት ሥራ ነው፤ በስልክ ልነግርሽ አፍሬ ጻፍኩት።

ሐኒን ከትምህርት ቤት በኋላ የምትይዝልኝን ሙሉመቤትን ታውቂያታለሽ፤ እዚሁ አጠገባችን ሳን ሊያንድሮ ባለው ቤቷ ውስጥ ስድስት ልጆች ትጠብቅ ነበር። ልጄ ለእኔ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ለእሷ ግን በአማርኛ ተረት ታወራለች። ከሥራ ወጥቼ ልወስዳት ስሄድ «ፋይቭ ሚኒትስ፣ ማሚ» ትለኝና ሙሉመቤት ጉያ ውስጥ ትሸጎጣለች። እቴ፣ አንጀቴ ያርር ነበር።

መጋቢት ላይ ሙሉመቤት የሐኒን ፀጉር እየጎነጎነች «አቤት ፀጉር!» አለች። ማታውን ልጅቷን አተኮሳት። የክፍሏ ልጆች ግማሹ በጉንፋን መቅረታቸውን አውቃለሁ። ቢሆንም እሑድ ከአምልኮ በኋላ እዚያው ልጇን ለምታውል ለበረከት እናት «ዓይኗ ከባድ ነው መሰለኝ» አልኳት። ቡዳ አላልኩም፤ ማለትም አላስፈለገኝም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወሬው ተዛምቶ አራት እናቶች ልጆቻቸውን አወጡ። እኔ ሐኒን አላወጣኋትም፤ ማን ይይዝልኛል? ሙሉመቤት በወሩ መጨረሻ ልዘጋ ነው አለች።

ባለፈው ሳምንት ሐኒ ለክፍሏ የጻፈችውን አነበበችልኝ። ይህ አገር በእንግሊዝ ሥር ሳለ በጥንቆላ ተከሰው ስለተሰቀሉ ሴቶች ነው። የአንዱ ላም ስትነጥፍ፣ የሌላው ልጅ ሲታመም ጎረቤት ጣቱን ይቀስራል። «መጀመሪያ ያወራችውስ ምን ሆነች?» ብላ በእንግሊዝኛዋ ጠየቀችኝ። ምንም አልሆነችም ብዬ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።

በማግስቱ ለአራቱም እናቶች ደውዬ ከቅናት የተናገርኩት ውሸት መሆኑን ነገርኳቸው። ሁለቱ ልጆቻቸውን መለሱ። የበረከት እናት ግን «አንቺንም አስፈራራችሽ አይደል?» ብላ ሐሜቱን ጭራሽ አመነችው።

ከዚያ ሙሉመቤት ቤት ሄጄ ሁሉን ነገርኳት። ለካ ወሬው ከእኔ እንደወጣ ቀድማ ሰምታለች። «ልጅሽን ስላላወጣሻት አንቺ ራስሽ እንደማታምኚው ገባኝ» አለችኝ። ባሉት አራት ልጆች እስከ ሰኔ እሞክራለሁ ብላ ይቅር አለችኝ። እቴ፣ አልዋሽሽም፤ ከቤቷ ስወጣ በዚያ ልቧም ቀናሁባት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ ለተገኘ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ናዖድን ለፈተናው አይዞህ በይው፤ ትንሿን ቲቲን አገላብጠሽ ሳሚያት። ስለ እኔም ጸልዪ።

እህትሽ አይናዲስ
ኦክላንድ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.