በትከሻ የሄደው ቤትና የወይዘሮ ደቦራ ቪዛ

ካልጋሪ፣ ሜይላንድ ሃይትስ

ለክቡር የቪዛ ማመልከቻ መርማሪ፣
ባሉበት ቢሮ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የሚመች፣ ማሞቂያዎም የማይበላሽ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ስምዎን ጠርቼ እጅ ብነሳ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን የላኩልን ደብዳቤ ግርጌ ላይ «ኦፊሰር» ከሚለው ቃል በቀር ምንም ስላልነበረ፣ መልካም ሥራን በስውር መሥራት የሚወዱ ትሑት ሰው መሆንዎን ተረድቼ በማዕረግዎ ብቻ ጠርቼዎታለሁ። በአማርኛ መጻፌንም ይቅር ይበሉኝ፤ የእርስዎም ደብዳቤ ቢሆን አራት ጊዜ አንብቤው አልገባኝምና እኩል ነን።

እኔ ይርጋለም እባላለሁ። ሰንሪጅ ሞል ውስጥ ልብስ እሸጣለሁ፤ ትምህርቴ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ወሬ እንደምወድ ደግሞ ሳልነግርዎ ይደርሱበታል። ነርሷ ልጄ ቢታንያ፣ ሩቤን የሚባል ኢንዶኔዥያዊ በያጅ አግብታ፣ ዘንድሮ ናሆሚን ወለደችልን። የሩቤን እናት ወይዘሮ ደቦራ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ሊገኙ፣ አቅፈዋትም ሊመለሱ፣ የሦስት ሳምንት ቪዛ ጠየቁ። እርስዎም «በሚኖሩበት ሰፈር ያለው የኑሮና የሥራ ተስፋ ውስን በመሆኑ፣ ከገቡ በኋላ ይመለሳሉ ብዬ አላመንኩም» ብለው ከለከሏቸው። ስለ አንዲት የማያውቋት ባልቴት ተስፋ ይህን ያህል መጨነቅዎ ልቤን ነክቶታል። እርስዎ ሰፈሩን በኮምፒውተር፣ እኔ ደግሞ በእግሬ ስላየነው፣ ያየሁትን ባካፍልዎ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

አንደኛ፣ ስለ ቤታቸው። ከማመልከቻው ጋር ካያያዝናቸው ፎቶግራፎች አንዱ ላይ ከቤቱ ደረጃ ሥር ባሕር፣ ሌላው ላይ የኮኮናት ዛፍ ይታያል፤ ማመልከቻው ግን «ያው አንድ ቤት ነው» ይላል፤ ስለዚህ ማስረጃው እርስ በርሱ ይጋጫል ብለዋል። ዓይንዎን ክፉ አይንካው! ጥፋቱ የወይዘሮ ደቦራ ነው፤ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነገር መስሏቸው ሳያስረዱ ቀሩ። ቤቱ ሄዶ ነው እኮ! ሱንጋይ ቤቤክ የሚባለው ሰፈራቸው ከባሕር እኩል የተኛ ሜዳ ነው፤ ቤቶቹ በረጃጅም የእንጨት እግር ላይ የቆሙ ናቸው። ባሕሩ በየዓመቱ መሬቱን እየበላ ሲጠጋቸው ቤት አያፈርሱም፤ ተሸክመውት ከባሕሩ ርቀው ወደ የብሱ ይገባሉ። ባለፈው ዓመት ለልጆቹ ሠርግ ሄደን ሳለ በዓይናችን አየነው። ስልሳ ያህል ወንድ ከወለሉ ሥር ቀርከሃ አስገብቶ፣ አንድ ሽማግሌ እየጮሁላቸው፣ ቤቱን ከነመጋረጃው ብድግ! ቤቱ ውስጥ ወጥ የጣዱትን ወይዘሮ ደቦራን «ድስቱን ያውርዱ እንጂ» ቢሏቸው፣ «እናንተ ቀስ ብላችሁ ሂዱ እንጂ፣ ድስቱ ምን አደረጋችሁ?» አሉ። ባለቤቴ አምላኩም አንዱ ጥግ ሥር ገብቶ ነበር፤ ዛሬ እዚህ ጎረቤት ከተማ ቸስተርሚር ላሉ ጓደኞቹ ሲያወራ ግን ሌሎቹ ሃምሳ ዘጠኙ ሊያጨበጭቡለት የመጡ ይመስላል። ቤቱ መሬት ሲይዝ እኔ «ቤት ለእምቦሳ!» ብዬ ጮህኩ፤ «እምቦሳ እሰሩ» የሚለኝ ጠፍቶ ሁሉም በሳቅ ፈነዳ።

ሁለተኛ፣ ስለ አሠሪያቸው። «አሠሪዎ ማን ነው?» ለሚለው ወይዘሮ ደቦራ «ባሕሩ» ብለው መለሱ፤ ሩቤንም የእናቱን ቃል ላለመለወጥ እንዳለ ጻፈው። እርስዎ «አሠሪውን ማረጋገጥ አልተቻለም» አሉ። እውነትዎን ነው፣ ስልክ አያነሳም። ሴትዮዋ ግን ውኃው ሲሸሽ ሸርጣን ይለቅማሉ፤ ሲመለስ በጀልባ ኮኮናት ያመላልሳሉ፤ ውኃው የሚመጣበትና የሚሄድበት ሰዓትም ለዓመቱ ተጽፎ ግድግዳቸው ላይ ተለጥፏል። የእኔ ሺፍት እሑድ ከሰዓት በቴክስት ይመጣና ሰኞ ጠዋት ይቀየራል። ከሁለታችን አስተማማኝ ሥራ ያላት የትኛዋ እንደሆነች ለመፍረድ አልደፍርም፤ ሙያው የእርስዎ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ተስፋቸው። እዚህ ላይ አልዋሽዎትም። ጨው ውኃ ሩዛቸውን ያቃጥለዋል፤ የሚጠጡት በበርሜል የተጠራቀመ ዝናብ ነው፤ ክሊኒክ ለመድረስ አንድ ሰዓት በጀልባ ይኬዳል፤ ወጣቱም ወደ ፓልም ዘይት እርሻና ወደ ከተማ ይፈልሳል። «ባሕሩ አዲሱም ቦታ ድረስ ቢመጣስ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ ሩቤን እያስተረጎመ፣ «እህቴ፣ ይምጣ፤ እኛ ትከሻ አለን፣ እሱ የለውም» አሉኝ። ውስን ያሉት ተስፋ ይህ ከሆነ፣ ልክ ነዎት፣ ከሰው ትከሻ አይበልጥም።

አራተኛና ዋናው፣ «ወደ አገራቸው የሚያስራቸው ነገር የለም» ላሉት። ክቡር ሆይ፣ ደቦ ያውቃሉ? በእኛ አገር እርሻህን ያረሰልህን ሰው እርሻ ታርሳለህ፤ በእነሱ ሰፈር ቤትህን የተሸከመልህን ሰው ቤት ትሸከማለህ። ሴቶቹ በሸክሙ ቀን ያበላሉ፣ የምግቡ አለቃ ደግሞ ወይዘሮ ደቦራ ናቸው። ስልሳ ሰው ተሸክሞላቸዋል፤ ቀጣዩ ቤት የሚነሳውም ክርስትናው ካለፈ በወሩ ነበር። የሰው ደቦ በልቶ በራሱ ቀን የሚጠፋ ሰው እዚያም እዚህም ነውሩ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። እዚህ ምድር ቤት ውስጥ ብንደብቃቸው እንኳ ሰፈሩ በጀልባ መጥቶ ይወስዳቸው ነበር! ፎርሙ ላይ ይህን የምንጽፍበት ሳጥን ፈለግን፤ የመኪና አለ፣ የመሬት አለ፣ የባንክ አለ፤ የደቦ የለም። አልፈርድብዎትም፤ ከየት ያውቁታል? የእኔን አጥር ነፋስ የጣለው ጊዜ፣ አስራ አንድ ዓመት አጠገቡ የኖርኩት ጎረቤቴ «አጥርሽ ወድቋል» የሚል ወረቀት በሬ ላይ ለጥፎልኛል። አመስግኜዋለሁ፤ እኔም አይቼው ነበር።

ክርስትናው ያለ እሳቸው ተደረገ። ሱንጋይ ቤቤክ ኔትወርክ የሚይዘው ጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያም ጊዜው መሽቶ ስለነበር፣ ወይዘሮ ደቦራ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፋኖስ ይዘው፣ ቆመው በስልክ ተከታተሉ። ናሆሚ ውኃው ሲነካት ስትጮህ እሳቸው ከዚያ ማዶ ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ፤ ምስሉም እጃቸው እንደተዘረጋ ደርቆ ቀረ። ሩቤን ስልኩን እስከ ቅዳሴው ፍጻሜ አላወረደውም።

ይህን ያነሳሁት ላሳዝንዎ አይደለም፤ እንዲያውም ደስታዬን ላካፍልዎ ነው የጻፍኩት! በዚያው ሳምንት ልጆቹ ተመካክረው፣ የወላጅነት ፈቃዳቸውን ይዘው፣ አንዱን ዓመት ሱንጋይ ቤቤክ ሊኖሩ ወሰኑ። ሩቤን ጨው ውኃ ወደ ሩዙ እንዳይገባ የሚያግድ የብረት በር ሊበይድ ነው፤ ቢታንያ የሰፈሩን እናቶች እግዚአብሔር እንደረዳት ልታይ ነው፤ እኔና አምላኩም አራት ወር አብረናቸው ነን፤ ሰውዬው ከአሁኑ ትከሻውን እያሸ አስቸግሮኛል። ቲኬቱ ተቆርጧል። አንዲት ባልቴት ሦስት ሳምንት ቆይተው እንዳይቀሩብን ሲጠነቀቁ፣ አንድ በያጅ፣ አንዲት ነርስና አንዲት የካናዳ ሲቲዝን ሕፃን ለሰፈራቸው ላኩላቸው። በአንድ ገጽ ወረቀት ይህን ያህል የልማት ዕርዳታ የሰጠ ቢሮ ሰምቼ አላውቅም።

በቀረው የሥራ ዘመንዎ አንድ የሚያምኑት ሰው እንዲገጥምዎ እየጸለይኩ፣ ጊዜዎን በወሬ ስላጠፋሁም ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ከናሆሚ ሁለት ሴት አያቶች አገርዎ እንድትገባ የተፈቀደላት፣
ይርጋለም መኳንንት

ማስታወሻ፦ ሻንጣ ሳዘጋጅ ያንኑ ፎርም ለራሴ ሞልቼ አየሁት። «ወደ መኖሪያዎ እንደሚመለሱ የሚያረጋግጥ ምክንያት» የሚለው ጋ ስደርስ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አስቤ «የበረዶ አካፋዬ» ብዬ ጻፍኩ። ባለፈው ዓመት የኢንዶኔዥያው መርማሪ ኤርፖርት ላይ የጠየቀኝ «ስንት ቀን ይቆያሉ?» ብሎ ብቻ ነበር፤ ሦስት ሳምንት አልኩት፤ አመነኝ። ዘንድሮም ከጠየቀኝ አራት ወር እለዋለሁ። እሱ ያምነኛል፤ እኔ ግን እመለሳለሁ ብዬ ራሴን አላመንኩም።