አፌን ያስከፈተኝ ውሃ

ለምወድሽ፣ ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ደም ግፊትሽ ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ? ባለቤትሽ አሁንም ሬዲዮኑን እየሰማ ብቻውን ይከራከራል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ይልቅ ወንበር ሳቢና ተቀመጪ፤ የምነግርሽ ነገር ቆመው የሚሰሙት አይደለም።

ዋና ቻልኩ!

ሳቂ፣ ግድ የለም። ዝናብ ያቆረውን ውሃ እንኳ በሩቁ የምዞረው እኔ፣ ፊቴን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ የምወጣው እኔ፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ገንዳ ገባሁ። ወድጄ እንዳይመስልሽ። የስፌት መኪናዬን ፔዳል ስረግጥበት የኖርኩት ጉልበቴ አልታዘዝ ቢለኝ፣ ሐኪሙ እቅጩን ነገረኝ፦ ወይ ውሃ ውስጥ ያፍታቱታል፣ ወይ ስፌቱን እርግፍ አድርገው ይተዉታል አለኝ። ስፌቱን ትቼ ምን ልሆን? በር ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ልቆጥር?

የመጀመሪያውን ቀን አትጠይቂኝ። የዋና ልብስ ከሱቅ መግዛት ሙያዬን መስደብ መስሎኝ ራሴ ሰፋሁ፤ ሙሉ ገበር ያለው፣ ደረቱ ድርብ፣ ጉልበት የሚሸፍን። ምን ዋጋ አለው፣ ገበሩ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ራሰ ፍራሽ ከበደኝና ደረጃውን መውጣት አቃተኝ። አሰልጣኟ፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ቀጭን ወጣት፣ ከኋላ እየገፋች አወጣችኝ። በነጋታው አንገቴን ደፍቼ ገዛሁ።

ከልብሱ የባሰው ግን አፌ ነበር። በአፍዎ አየር ይሳቡ፣ ፊትዎን ነክረው ያስወጡት ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ስፒል በከንፈሬ ነክሼ በአፍንጫዬ ስተነፍስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልቤ ሲሰጋ ከንፈሬ ግጥም ይላል፣ ስፒሉ እንዳይዋጥ ነዋ! ውሃው አገጬን ሲነካ ግጥም፤ ከዚያ ውሃ በአፍንጫ፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ የገንዳውን ብረት ይዞ ማልቀስ። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። አብረውኝ የጀመሩት ጡረተኛ ሹፌር ገንዳውን እያቋረጡ እጃቸውን ሲያውለበልቡልኝ በንዴት ጨስኩ።

በአራተኛው ሳምንት ልጅቷ መላ አመጣች። መተንፈሱን ይርሱት፣ ፊትዎን ነክረው የሆድዎን ያውሩ፣ ማንም አይሰማዎትም አለችኝ። መጀመሪያ አንድ ቀሚስ ሦስቴ ያስፈታችኝን ደንበኛዬን ሰደብኳት። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ደስ አለኝ፣ ደገምኩ። ከዚያ ሳላስበው የወንዙ ነገር መጣ።

ሰባት ዓመቴ ነበር፣ አንቺ አሥራ አንድ። ሰዎች ጎትተው ሲያወጡኝ እማዬ እንዴት ገባሽ ብትለኝ አዳለጠኝ አልኳት። እስክትሞትም ቃሌን አልለወጥኩም። ያን ቀን አዲስ ቀሚስ የተሰፋልኝ ለእኔ ብቻ እንደነበር፣ አንቺም ከኋላዬ ቆመሽ እንደነበር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለውሃው ግን አንድ በአንድ ነገርኩት። ትንፋሼ ሲያልቅ ቀና ብዬ፣ አፌን ከፍቼ አየር ስቤ፣ እንደገና።

ቅዳሜ ዕለት ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር አቋረጥኩት! ሹፌሩ አፏጩ፣ ልጅቷ ከነልብሷ ዘላ ገብታ አቀፈችኝ። ሰኞ ሱቄን ከፍቼ እስከ ማታ ፔዳል ስረግጥ ዋልኩ፤ ጉልበቴ ድምፁን አላሰማም።

እታለም፣ በየዓመቱ የቀሚስ ጨርቅ ለምን እንደምትልኪልኝ አውቃለሁ። ቁም ሣጥኔ ሞልቷል፤ በቃ፣ ከእንግዲህ አትላኪ። ይልቅ ራስሽ ነይ። አንድ ቅዳሜ አብረን ገንዳ እንገባለን። እኔ ፊት ፊት እወርዳለሁ፣ አንቺ ከኋላዬ ትመጫለሽ። ዞሬ አላይም።

ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ እንቅልፍሽን ሰላም ያድርገው።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ