በመረብ የያዝኳት ዓሣ

ሐሙስ፣ ግንቦት 7 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሀራሙስ

አሠሪዬ ማዳም፣ ሲክሊድ የሚባሉትን ሁለት ዓሦች፣ ተክል ያለበት የመስታወት ገንዳ ውስጥ ከትንንሾቹ ዓሦች ጋር ካስገቡ ወር አለፈ። ሲክሊዶቹ ተክሉን እየነቀሉ ያስቸግሩኛል፤ በየጠዋቱ መልሼ እተክላለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ሴቷ ምግብ እንቢ ብላለች።

ዛሬ መስታወቱን ስወለውል ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ልጆች አጠገቧ አየሁ። እጄ ሲጠጋ አፏን ከፍታ ሁሉንም ዋጠቻቸው። ደሜ ፈላ። «የራስሽን ልጆች?» አልኳትና በመረብ ያዝኳት። ስትንፈራገጥ ልጆቿ ከነሕይወታቸው ከአፏ ወጥተው ውሃው ውስጥ ተበተኑ። ሌሎቹ ዓሦች ወዲያው ለቀሟቸው።

ማዳም ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛ ያውቃሉ። እየሮጡ መጡ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? ስትፈራ እኮ አፏ ውስጥ ነው የምትደብቃቸው!»

«የበላቻቸው መስሎኝ ነው፣ ማዳም።»

«እናት ሆነሽ ይሄ እንዴት ጠፋሽ?»

ወዲያው የተናገሩት ቆጫቸው መሰለኝ፣ ከክፍሉ ወጡ።

ልጄ ሰለሞን በጀልባ ወደ የመን ሊሻገር ከአገር ቤት ሲመጣ እዚሁ የሠራተኛ ክፍል ሁለት ቀን አብሮኝ ቆየ። አትሄድም ብዬ በሩን መቆለፍ እችል ነበር። እኔ ግን ዳቦና ቴምር በፌስታል ቋጥሬ፣ ግቢው በር ድረስ ሸኘሁት። ጀልባው ከሰጠመ ሰባት ወሩ ነው።

ዓሣዋ ጥግ ይዛ ቆማለች። አሁን አፏ ባዶ ነው። ምግብ ጣልኩላት፤ አልነካችውም።