ቀሚሷን የሰበሰበች ቤት፦ የግሌኒስ ሃርቲጋን የሕይወት ታሪክ

ግሌኒስ ሃርቲጋን ከባቡር ፉርጎ አናጢው ከአባታቸው ከክላሪ ፐርሰልና ከእናታቸው ከኤድና፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1949 ኢፕስዊች፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ተወለዱ። ትምህርት ቤት እያሉ የማይስሉበት ወረቀት አልነበረም፤ የሒሳብ ደብተራቸው ላይ ቁጥሮቹ እንኳን ጣሪያ ነበራቸው።

በ1973 ብሪዝበን ላይ በአርክቴክቸር ተመረቁ። በዓመቱ ጎርፍ መጣና ወላጆቻቸው ቤት ገባ። እናታቸው ከፒያኖው ውስጥ ጭቃ ሲዝቁ ካዩ በኋላ፣ ወንዝ ዳር ቤት በነደፉ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁት "ውሃው በየት ይለፍ?" ብለው ነበር።

በ1976 የቤት ዋጋ ገማች የነበሩትን ዴዝሞንድ ሃርቲጋንን አግብተው ካረንንና ብሬትን ወለዱ። ብሪዝበን ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ባለው የግሬስቪል ሰፈር፣ በረጃጅም የእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመ አሮጌ ቤት ገዙ። ለጡረታቸው ያላቸው ጥሪት እሱ ብቻ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ የቤቱን ስር በጡብ እየዘጋ መኝታ ቤት ሲጨምርና ዋጋው ሲወጣ፣ ግሌኒስ ጭራሽ የተዘጋውን በረንዳ ከፈቱት! ስሩንም እንዳለ ተዉት፤ የመብራት ገመዱን በሙሉ ወደ ላይ አወጡት። ባለቤታቸው ዴዝ እንቅልፍ አጡ።

"ግሌን፣ ባንክ እኮ አየር አይገምትም! ሁለት መኝታ ቤት አውጪበትና እንገላገል።"

"የታችኛው የወንዙ ነው፣ ዴዝ። ተከራይ አላስገባበትም።"

ጎረቤታቸው ኬቭ ደግሞ ከአጥሩ በላይ ይለክፏቸዋል። "ግሌኒስ፣ ቤትሽ ቀሚሷን ሰብስባ የቆመች ሴት ትመስላለች!"

"ውሃ የምትሻገር ሴት ምን ታድርግ ታዲያ?"

በ2011 ወንዙ መጣ። ከስር ገባ፣ ቆየ፣ ወጣ። ግሌኒስና ዴዝ በውሃ ጎማ አጥበው ጨረሱ። ኬቭ አዲሱን ምንጣፋቸውን ጎትተው መንገድ ላይ ጣሉ፤ ቤታቸው እስኪደርቅ ከነሚስታቸው የከረሙትም እዚያው የግሌኒስ በረንዳ ላይ ነው። የተዘጉት ቤቶች ዋጋቸው ሲወርድ የግሌኒስን በር ገዢ አንኳኳ። ዴዝ ገዢው ያቀረበውን ዋጋ ሲሰሙ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

"ሰውየው ለአየሩ ነው እንዴ የሚከፍለን?"

"ገመትከው አይደል?" አሏቸው ግሌኒስ። አልሸጡም። ከዚያ የኬቭን ቤት ነደፉ፤ ቀስ በቀስ መንገዱ ላይ ቀሚሳቸውን የሰበሰቡ ቤቶች በዙ።

ግሌኒስ በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ አልጋቸውን በረንዳው ላይ አስወጥተው፣ ሰኔ 12 ቀን 2024 በ75 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችንና አራት የልጅ ልጆችን ትተዋል። ዴዝ "ማንም ሰው ጡብ ይዞ እንዳይመጣ!" ብለዋል። ከቀብር በኋላ ሻይ የምንጠጣውም እዚያው ቤቱ ስር ነው፤ ለሁላችንም ይበቃል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ነፋሻማ በሆነ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ከፍታ ያሳርፍልን። አሜን።