አስፋልት ያልተሻገረው ውሃ

ውድ አንባቢዎቼ፣ ወደ ደብዳቤው ከመግባቴ በፊት በእኔና በእናንተ መካከል የሚቀር አንድ እፍረት አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ፀጉሬን ታጥቤ፣ ፎጣዬን እንደ ዘውድ ጠምጥሜ ከግቢዬ ብቅ ስል፣ ከሩቅ ቧንቧ ጄሪካን ተሸክመው ከሚመለሱ ጎረቤቶቼ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። አረፋው ገና ከጆሮዬ ሥር ይንጠባጠባል። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ልብስ ሰፊዋ ብቻ “አምሮብሻል እህቴ፣ እኛንም በጸሎትሽ አስቢን” ብላኝ አለፈች። ይህን ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት ፀጉሬ ሳይደርቅ ነው፤ የጨረስኩት በማግስቱ እሁድ ነው።

ለተከበሩ የከተማችን ምክትል ከንቲባ፣ ለቀድሞው የከንቲባው የፖለቲካ አማካሪ፣
ካሉበት።

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ወንበርዎና አዲሷ መኪናዎ እንደምን አሉ? እኛ ከውሃ በቀር ሁሉም ሞልቶልናል።

ከሁሉ አስቀድሜ ለሥራ ዘመንዎ ያለኝን አድናቆት እንድገልጽ ይፍቀዱልኝ። የቀድሞው ከንቲባ በስብሰባ ላይ ቃል ሲጠፋቸው ወደ ኋላ ዘንበል ይሉ ነበር፤ እርስዎም ከወንበራቸው ጀርባ ጎንበስ ብለው ሹክ ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ቀና ብለው “ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው” ይሉን ነበር። እነሆ ዛሬ እርስዎ ከጀርባ ወደ ፊት፣ ከሹክሹክታ ወደ ማይክሮፎን ከፍ ብለዋል፤ ጥናቱ ግን እዚያው ነው። ሹመት ያልለወጠው እንዲህ ያለ ጽናት ከየት ይገኛል?

አሁን በትሕትና ወደ ቅሬታዎቻችን ልለፍ።

አንደኛ፣ ስላነጠፉልን አስፋልት እናመሰግናለን። በመኪና መስኮት ሲታይ እንዴት እንደሚያምር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጠዋት ጠዋት ያልፉበታልና። የውሃው መስመር በመንገዱ ቀኝ በኩል ብቻ ተዘርግቶ አስፋልቱ በጥድፊያ የተነጠፈው እርስዎ አማካሪ በነበሩበት ጊዜ ነው። ጤና ጣቢያችን ያለው በግራ በኩል፣ ከጠባቧ መተላለፊያ ውስጥ ነው፤ ከመኪና አይታይም። የማይታይ ነገር ውሃ አይጠማውም ተብሎ ይሆናል። ቢሮዎ ደጅ ጠንተን ያገኘነው መልስም “አዲስ አስፋልት አይቆፈርም” የሚል ነው። ለአስፋልቱ እንዲህ መራራትዎ ልባችንን ነክቶታል፤ ምነው አስፋልት በሆንን ያሰኛል።

ሁለተኛ፣ በአዳራሹ ስብሰባ ስለሰጡን ግልጽ ማብራሪያ ምስጋና ይድረስዎ። መድረኩን የምመራው እኔ ስለነበርኩ እያንዳንዱን ቃል አስታውሳለሁ። የጤና ጣቢያው ነርስ፣ የወንድሜ ሚስት ናት፣ ተነስታ “ለመውለድ የሚመጡ እናቶችን ውሃ ይዛችሁ ኑ እያልን ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት በአንድ እጇ ሆዷን፣ በሌላው ጄሪካን ይዛ እስከ መቼ ትምጣ?” ብላ ጠየቀችዎ። እርስዎም ጉሮሮዎን ጠርገው “የቀድሞው አስተዳደር የተሳሳተ ምክር ተሰጥቶት ነበር” አሉ። ከኋላ ወንበር ጫማ ሰፊው “እንዴ! መካሪው ታዲያ ማን ኖሯል?” ቢሉ አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

ሦስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ስላልሆነ ቢያልፉትም አልቀየምም።

ያን ዕለት ሳቁ አልበርድ ሲል ግንባርዎን ጠረጉና ወደ እኔ ዘንበል ብለው አዩኝ፤ ልክ ከንቲባው እርስዎን ያዩ እንደነበረው። እኔም ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ ማይክሮፎኑን ስቤ “ጊዜ ስለሌለን ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንለፍ” አልኩ። የወንድሜ ሚስት እጇን እንዳነሳች ቀረች። በሳምንቱ የውሃ ሠራተኞች መጥተው፣ ስንት ጊዜ ደጅ የጠናሁበትን መስመር በአንድ ከሰዓት ግቢዬ ድረስ አስገቡልኝ። ማን እንደላካቸው ብጠይቅ “ከላይ ነው የታዘዝነው እትዬ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይክፈቱት” አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ፤ ከፈትኩትም። ሁለቱንም አሳምሬ ችያለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያ ውሃ አልጣፈጠኝም። የወንድሜ ሚስት ባለፈው ልትጠይቀኝ መጥታ እጇን ስትታጠብ፣ ውሃው ሲወርድ ቆማ አየችው። “ምነው?” አልኳት። “ምንም። ዛሬ የተወለደውን ልጅ ያጠብነው ከመጠጫችን ቀንሰን ነው፤ እሱ ትዝ ብሎኝ ነው” አለችና ቧንቧውን ዘጋችው። አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ እንዴት በቀለለኝ! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ፤ ምድርም ለካ አስፋልት ተነጥፎባታል፣ አትከፈትም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ውድ አስፋልትዎን በምስማር ጫፍ እንኳ ሳልነካ መፍትሔ አግኝቻለሁ። ዛሬ ማለዳ ከቧንቧዬ አፍ እስከ ጤና ጣቢያው ታንከር ድረስ የአትክልት ማጠጫ ጎማ በመንገዱ ላይ አጋድሜ ዘርግቻለሁ። ከግቢ ውጭ ውሃ ማሳለፍ ክልክል መሆኑን፣ መስመሬም ሊቆረጥ እንደሚችል አላጣሁትም። ይቁረጡት፤ ከጎረቤቶቼ ጋር ጄሪካን ተሸክሜ መሰለፍ ፀጉር ታጥቦ ከመውጣት ይቀለኛል። ብቻ ሲቆርጡት ማን እንዳማከረዎ ይንገሩን።

ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ የማይነቃነቅ ወንበርና የማይሰነጠቅ አስፋልት እየተመኘሁ፣ ባልለመንኩት ውለታዎ አንገቴን የደፋሁ፣

አክባሪዎ፣
በቀኝ በኩል ያለችው ባለቧንቧ

ማስታወሻ፦ ጎማው የተጋደመው መኪናዎ ጠዋት በምታልፍበት ላይ ነው። ሰኞ ከበሬ ላይ ወንበር አውጥቼ እጠብቅዎታለሁ። ቢቆሙም፣ ቢዞሩም፣ ረግጠውት ቢያልፉም ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለአንባቢዎቼ እጽፋለሁ። ከማዶ አንዲት እናት ከሌሊት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት፤ ወንድ ትውለድ ሴት፣ እሱንም እጨምርበታለሁ።