በስሜ የገባው ማን ነው?

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ነበር። የኮምፒውተሬን ሰዓት እያየሁ ስለነበር አልሳሳትም። የቢሮው ስልክ ጮኸ። አለቃ እጁ ብስኩት ስለያዘ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ተወው። የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ እያለቀሰች።

"አንድ ሰውዬ የሚስቱን የቀጠሮ ወረቀት አትሞ ይዞብን መጣ! ስሟ፣ ቀኑ፣ ለምን እንደምትመጣ… ሁሉም አለበት። ከእናንተ ካልሆነ ከየት ያገኘዋል?"

የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ክሊኒክ ነው። ሰው ለእናቱ ያልነገረውን የሚናገርበት። እኛ ድረ ገጽ የምንሠራ ሦስት ሰዎች ነን፤ የክሊኒኩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀጠሮ የሚያስይዘውን ፕለጊን የጫንኩትም እኔ።

አለቃ ስልኩን ዘግቶ የመግቢያ መዝገቡን ከፈተ። ቅዳሜ፣ አምስት ሰዓት ከአሥር፣ አንድ ሰው ገብቶ የቀጠሮዎቹን ዝርዝር በሙሉ ከፍቷል። ከጎኑ ስም አለ። የኔ ስም።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አካውንቱ በኔ ስም ይሁን እንጂ ሦስታችንም አይደል የምንገባበት?"

"መዝገቡ የሚለው አንቺን ነው።"

ሥራ የጀመርኩ ቀን ነው አካውንቱን በስሜ የከፈትኩት። ለሌሎቹም ልክፈት ስል አለቃ ሳቀብኝ። "ለሦስት ሰው ሦስት ፓስወርድ? ቤተሰብ አይደለንም እንዴ?" ከዚያ ፓስወርዱን በወረቀት ጽፎ የብርጭቆ ቁም ሳጥኑ በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል ለጠፈው። ውኃ የጠማው ሁሉ ያየዋል። ያኔ እኔም ሳቅሁ… ምን ያስቃል?

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ የአክስቴን የስፌት መኪና ተሸክሜ ደረጃ እየወጣሁ ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ፣ ዝምተኛው፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ላይ አላነሳም። አንዴም። እንደዚያ ሰው ሲጮህ ቀና የማይል ማን ነው? የሚያውቅ? ወይስ የሚፈራ?

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

"እስኪጣራ ቤት ሁኚ" ተባልኩ። አለቃ የቢሮውን ቁልፍ ተቀበለኝ።

ብርጭቆዬን ልወስድ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ወረቀቱ የለም! አራት የፕላስተር ቁራጭ ብቻ በሩ ላይ ቀርቷል። ትናንት ጠዋት እዚያው ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ማን ነው የላጠው? ለምንስ ቸኮለ?

ዞር ስል ዝምተኛው እያየኝ ነበር። ወዲያው አንገቱን ደፋ።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ማንም አልደወለም። ለዝምተኛው ጻፍኩለት። ማንበቡን ስልኬ ያሳያል። መልስ የለም።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

ባለፈው ሳምንት የቢሮውን ማተሚያ ሊጠግን መጥቶ የነበረውን ሰውዬ ሳይቀር ዛሬ ጠዋት ጠረጠርኩ። እሱም ውኃ ጠጥቶ ነበርና።

አክስቴ ትዕግሥቷ አለቀ። "አንቺ እሳት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ግድግዳ ስታዪ ልትውዪ ነው? ነይ ውረጂና የሸሚዝ ቁልፍ ትከይልኝ።"

ስፌት ቤቷ ወረድኩ። እየተከልኩ ሁሉንም ነገርኳት።

"ፕለጊን ያልሽው ምንድን ነው?"

"ሌላ ሰው ሰፍቶ የሚሸጠው ኪስ በይው። ገዝተሽ ልብስሽ ላይ ታያይዢዋለሽ።"

"ኪሱ ቀዳዳ ካለውስ?"

"የከተትሽበትን ሁሉ ያፈሰዋል።"

"ታዲያ ኪሱን ሳታዪ ሰው ትጠረጥሪያለሽ?"

ያኔ አንዲት ደንበኛ ገባችና ደረሰኝ ዘረጋች፤ ሠላሳ ሰባት ቁጥር። አክስቴ ደረሰኙን አየች፣ ሴትዮዋን አየች። "ይሄ ቀሚስ ያንቺ አይደለም።"

"ቁጥሩ ግን…"

"ቁጥሩ የቀሚሱ ነው፣ የኔ እመቤት። እኔ የምጠይቀው ስላንቺ ነው።"

የጎረቤቷን ደረሰኝ ነው በስህተት ይዛ የመጣችው። ተሳስቀው ተለያዩ። እኔ ግን መርፌው እጄ ላይ ቀረ።

የቀጠሮው ወረቀት ሊንክም መጨረሻው ላይ ቁጥር አለው።

አክስቴን አስፈቀድኳት። በኔ ስልክ የኔን ቀጠሮ ያዝኩ፣ በእሷ ስልክ የእሷን። የኔ መጨረሻው 618፣ የእሷ 619። ከዚያ በኔ ስልክ፣ እንደ ማንኛውም ታካሚ በተመዘገብኩበት መግቢያ፣ ስምንቷን አጥፍቼ ዘጠኝ ጻፍኩ።

ተከፈተ። የአክስቴ ስም። ስልክ ቁጥሯ። "የመጡበት ምክንያት" በሚለው ቦታ ላይ ራሷ የጻፈችው፦ "የወንድሜ ልጅ ጭቅጭቅ።"

ሳቅሁ። ከዚያ ምን እንዳየሁ ገባኝ።

ፕለጊኑ ተመዝግበሽ ገብተሻል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ወረቀቱ ያንቺ ነው ወይ ብሎ ግን አይጠይቅም። ሰውዬው ከኛ ቢሮ ማንም አላስፈለገውም። ለራሱ ቀጠሮ ያዘ፤ ከዚያ የሚስቱን ስም እስኪያገኝ ወደ ኋላ ቆጠረ። በመንገዱ ስንት ሰው ገልጦ አየ?

617ን መክፈት እችል ነበር። ጣቴ ሄደ። መለስኩት። 617 ሰው ነው።

ለአለቃ ደወልኩ፣ አላነሳም። እንዴት እንደሞከርኩት አንድ በአንድ ጻፍኩለት፤ "ቀጠሮ መያዣውን አሁኑኑ ዝጋው" አልኩት። አነበበው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም። ባለፈው ዓመት አለቃ የቀጠሮው ቅጽ እንደ ክሊኒኩ ፍላጎት ይሁን ሲል የፕለጊኑን ኮድ ውስጡን ከፍቼ በእጄ ቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ አፕዴት ቢደረግ የቀየርኩት ይጠፋል። ስለዚህ አፕዴቱን አጠፋሁት። "አንድ ሳምንት ስጠኝ፣ ለብቻው አውጥቼ ልሥራው" ብዬዋለሁ። "የሚሠራ ነገር አትንኪ" አለኝ። አልነካሁም። እሱ ጥፋት የኔ ነው።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ዝምተኛው ደወለ! "ፋርማሲው ፊት ለፊት፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ" አለና ዘጋው።

ቀድሞኝ ደርሷል። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

"ቅዳሜ የገባሁት እኔ ነኝ" አለ።

እንደዚህ በአጭሩ። ያለ ሰላምታ።

"አለቃ ለክሊኒኩ ሪፖርት በወር ስንት ሰው ቀጠሮ እንደያዘ ቁጠር አለኝ። እንደ ሁልጊዜው ባንቺ ገባሁ። ቆጠርኩ፣ ወጣሁ። በቃ።"

"ማክሰኞ ስጠየቅ አፍህ የት ሄዶ ነበር?"

"ልናገር ስል አለቃ አፍጥጦ አየኝ።"

"ስላየህ?"

"ልጅ አለኝ እኮ።"

"እኔስ ስም የለኝም?"

ወረቀቱን ማን እንደላጠው ጠየቅኩት። አለቃ ነው፤ ማክሰኞ እኔ ምሳ ስወጣ። ቀጥሎ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የፕለጊኑ ሠሪዎች መስከረም 18 ማስጠንቀቂያ ልከውልን ኖሯል። አንዱ ታካሚ የሌላውን ወረቀት ማየት ይችላል፤ አዲሱን አሁኑኑ ጫኑ ይላል። ያኔ እኔ ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ዝምተኛው ለአለቃ አስተላልፎታል። የአለቃ መልስ ከሥሩ አለ፦ "የሚሠራ ነገር አትንካ። ለሷም አትንገራት፣ ደግሞ አንድ ሳምንት ልትጠይቀኝ ነው።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

"ላክልኝ" አልኩት። እንደገና ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ግን ላከው።

ለምን ዛሬ? ልብስ እንደሚለካ ሰው እየለካኝ ነው? አለቃ ልኮት ይሆን፣ ምን ያህል እንደማውቅ ሊሰማ? አውቶቡሱ ሲመጣ ቆሜ አየሁት። ገና መቀመጫ ሳይዝ ስልክ ጆሮው ላይ አደረገ። ለማን?

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

አለቃ ጠራኝ። ወንበር ሳበልኝ! በሁለት ዓመት ውስጥ ወንበር ስቦልኝ አያውቅም።

"ልጄ፣ ነገሩን እናብርደው። አንቺ ገና ወጣት ነሽ፣ ነገ ትረሺዋለሽ።"

አንድ ገጽ ደብዳቤ ገፋልኝ። "በግል ቸልተኝነቴ የታካሚዎችን መረጃ ለውጭ ሰው አሳልፌ ሰጥቻለሁ" ይላል። ከሥሩ የኔ ስም። ከፈረምኩ በሰላም እለቃለሁ፤ ጥሩ የሥራ ልምድ ወረቀትም ይጽፍልኛል።

ስለ መስከረሙ ማስጠንቀቂያ አንድም ነገር አላነሳም። ስለዚህ ዝምተኛው አልተላከም ነበር። ለሚስቱ ይሆናል የደወለው። በሆዴ ይቅርታ ጠየቅኩት… ግማሹን።

"ዓርብ የጻፍኩልህ ቀዳዳ ተዘግቷል?"

"መጀመሪያ ፈርሚ።"

"ተዘግቷል ወይ?"

"አሁን ከዘጋነው ክሊኒኩ ቀዳዳ እንደነበረ ያውቃል። አንቺ ከፈረምሽ በኋላ ቀስ ብለን እንዘጋዋለን።"

አራት ቀን ሙሉ! ማንም ወደ ኋላ እየቆጠረ እንዲገባ አራት ቀን ክፍት ትቶታል፣ የኔን ፊርማ እየጠበቀ።

ብዕሩን መለስኩለት። ደብዳቤውን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩት።

"ወዴት ነው?"

"ክሊኒክ።"

"ከዚህ በር ከወጣሽ…"

አልጨረሰውም። ወይም እኔ አልሰማሁትም።

እንግዳ ተቀባይዋ ስሜን ስነግራት ፊቷ ተቀየረ። "ያቺ አንቺ ነሽ?" አለችኝ። ያቺ። በሳምንት ውስጥ "ያቺ" ሆኛለሁ። ኃላፊዋን አስጠራሁና በስልኬ አሳየኋቸው። 618። 619። ኃላፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ በራሷ ስልክ ሞከረችው። የአክስቴን ጭቅጭቅ አነበበች። አልሳቀችም። አለቃ ጋ ደውላ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ገጹን አዘጋችው። ለሷ ስልክ ወዲያው ያነሳል ለካ።

ስወጣ ስለ ሰውዬው ሚስት ጠየቅኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ቤቷ አልተመለሰችም። እህቷ ጋ ናት። የቀረውን ቀጠሮዋን በሙሉ ሰርዛለች።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ቁጣዬ ስለ ስሜ ነበር። የሷስ ስም?

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ክሊኒኩ የሆነውን በጽሑፍ አቅርቢ ብሎኝ ነበር። ማስጠንቀቂያውን አያያዝኩ፣ ያልፈረምኩትን ደብዳቤ አያያዝኩ። አፕዴቱን ያጠፋሁት እኔ መሆኔንም ጻፍኩ። አክስቴ "ማን ጠየቀሽ?" አለችኝ። ማንም። ዝምተኛው ከሥር ሁለት መስመር ጨምሮ ፈረመ፦ "ቅዳሜ የገባሁት እኔ ነኝ። በስሟ።" ትናንት ሥራውን ለቋል።

አለቃ ደውሎ ነበር። "ስምሽን ከመዝገቡ ላይ ላጠፋልሽ እችላለሁ፣ አንቺም ነገሩን ተይው።" እንዳለ ይቆይ አልኩት።

ዛሬ ክሊኒኩ ገጹን እንዳስተካክል አስገባኝ። የእጄን ሥራ ከፕለጊኑ አውጥቼ ለብቻው ሠራሁት፤ አንድ ሳምንት ቀርቶ አንድ ቀን አልፈጀም። አዲሱን ጫንኩ። በ618 ገብቼ 619ን ጠየቅኩ፤ "አይፈቀድም" አለኝ። እንደዚህ ደስ ያለኝ ክልከላ የለም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን መግቢያ ስከፍት እንግዳ ተቀባይዋ ሳቀች። "ለአራት ሰው አራት? አንዱ አይበቃንም? ቤተሰብ ነን እኮ።"

"አይበቃም" አልኳት። ድምፄ ሳይጠነክርባት አልቀረም። ፓስወርዷን ጻፈች፤ እኔም ፊቴን አዞርኩ።

ልወጣ ስል ደብተሯን ገለጠችልኝ። ገጹ ተዘግቶ ሳለ በእርሳስ የጻፈችው ቀጠሮ ነው፦ "ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት።" ስም የለውም። "እህቷ ጋ ያለችው ናት፤ በስልክ ነው የያዘችው። ስሟን መናገር አልፈለገችም፤ እኔ ግን ድምፅዋን አውቀዋለሁ" አለችኝ።

ከእንግዲህ በኔ ስም ማንም አይገባም። ቤተሰብ ነን ስለተባልኩ ቁልፌን አልሰጥም። የሚሠራ ነገር አትንኪ ሲሉኝ እጄን አልሰበስብም። ያላጠፋሁትን አልፈርምም፤ ያጠፋሁትንም ማንም እንዲሸፍንልኝ አልፈቅድም። ደግሞም የሰው ወረቀት ክፍት ሆኖ ፊርማ እየተጠበቀ በሚታደርበት ቤት ውስጥ፣ አንድ ቀንም ቢሆን፣ አልቀመጥም።